ደቂቃ ሲቆጠር፣ ሒሳብ ሲያከራክር፦ የመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር መረብ አገልግሎቶች እና የደንበኞቻቸው ሙግት

ዛሬ በእጅ ስልኩ ዜና የሚያነብ፣ የእህል ዋጋ የሚጠያይቅ፣ ባሕር ማዶ ካለ ዘመዱ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ የሚያወራ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ያነሳል። «የሞላሁት ሒሳብ የት ገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው የእኛ ዘመን ወይም የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር መረብ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ደንበኛና ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ክርክሩ በሰፊው የታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ከ1979 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የክፍያው መንገድ ደጋግሞ ተለዋውጧል። መጀመሪያ በሰዓት፣ ቀጥሎ በደቂቃ፣ በመሐል በመልእክት ብዛት፣ በመጨረሻም በወር አንድ ጊዜ በሚከፈል ቁርጥ ዋጋ ተሠርቶበታል። እያንዳንዱ ለውጥ አንዱን ቅሬታ ሲፈታ ሌላ ቅሬታ ወልዷል። ይህ ጽሑፍ የዋጋውን አመጣጥ፣ የሒሳብ ሙግቱን መነሻ እና ለዛሬ ተጠቃሚ የሚተርፈውን ትምህርት ያብራራል። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማታ ማታ ሥራ የሚፈቱ ማሽኖች

ኮምፒዩሰርቭ የተባለው ድርጅት በ1969 በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ የተቋቋመው በአንድ የሕይወት መድን ኩባንያ ሥር ነበር። ሥራው ትልልቅ ኮምፒውተሮችን ለሌሎች ድርጅቶች በሰዓት ማከራየት ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ እጅግ ውድ ስለነበር ብዙ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ከመግዛት ይልቅ በስልክ መስመር እየገቡ የሌላውን ማሽን ይጠቀሙ ነበር። የራሱ ወፍጮ የሌለው ሰው እህሉን ወደ ወፍጮ ቤት ወስዶ እያስፈጨ እንደሚከፍለው ማለት ነው።

ነገር ግን መሥሪያ ቤቶች ማታ ይዘጋሉ። ማሽኖቹ ከምሽት እስከ ንጋት ያለ ሥራ ይቆማሉ። በ1979 ኮምፒዩሰርቭ ይህን ባዶ ጊዜ በቤታቸው ትንንሽ ኮምፒውተር ላላቸው ግለሰቦች መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት በቨርጂኒያ ግዛት ዘ ሶርስ የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት ተከፈተ። በ1985 ደግሞ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ጂኒ የተባለውን አገልግሎት ይዞ ብቅ አለ። ዜና፣ የአየር ትንበያ፣ የገበያ ዋጋ፣ የእርስ በርስ መልእክት እና ጨዋታ በእነዚህ አገልግሎቶች ይገኙ ነበር።

የዋጋው ሥርዓት የተወለደው ከዚህ አመጣጥ ነው። ማሽኑ በሰዓት ሲከራይ የኖረ ስለሆነ ለቤተሰብም በሰዓት ተተመነ። ቀን ቀን ትልልቆቹን ደንበኞች እንዳያጨናንቁ ሲባል የቀኑ ዋጋ ከማታው እጅግ እንዲበልጥ ተደረገ። ስለዚህ ብዙ ሰው ራቱን በልቶ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ ዋጋው ሲወርድ ይገባ ነበር።

ፍጥነትም ዋጋ ነበረው። ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው ሞደም በመጀመሪያ የሚያስተላልፈው በሴኮንድ 300 ቢት ያህል ነበር፤ ይህም በሴኮንድ ወደ 30 ፊደል ይሆናል። ሁለት ሺህ ፊደል ያለው አንድ ገጽ ጽሑፍ ተቀብሎ ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮምፒዩሰርቭ በዚህ ፍጥነት ለሚገባ ደንበኛ በማታ ሰዓት ወደ 6 ዶላር ያስከፍል ነበር። በአራት እጥፍ ፈጣን በሆነው፣ በ1200 ቢት ለሚገባ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ከ12 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ረጅም ጽሑፍ ለሚቀበል ሰው ፈጣኑ ያዋጣል፤ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም ሥራው በሩብ ጊዜ ያልቃልና። ጣቱ እስኪፈታ በዝግታ ለሚጽፍ ሰው ግን ፈጣኑ ኪሳራ ነው፤ ማሽኑ ቢፈጥንም እጁ አይፈጥንምና።

ከከተማ የራቀ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል

በወሩ መጨረሻ የሚመጣው ወጪ በአንድ ወረቀት አይጠቃለልም ነበር። አንደኛው የአገልግሎት ሰጪው ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው የመረጃ መስመር ኪራይ ነው። ሦስተኛው የስልክ ኩባንያው ሒሳብ ነው።

በትልልቅ ከተሞች የሚኖረው ደንበኛ የሚደውለው በከተማው ውስጥ ወዳለ ቁጥር ስለሆነ የስልኩ ወጪ ቀላል ነበር። በገጠር የሚኖረው ግን በአካባቢው ቁጥር ስለሌለ ወደ ሩቅ ከተማ ይደውላል። የአገልግሎቱ ሰዓት እየተቆጠረበት በዚያው ደቂቃ የሩቅ ስልክ ጥሪም ይቆጠርበታል። ለመረጃ ከሁሉም የበለጠ የተጠማው ከገበያና ከመሥሪያ ቤት የራቀው ገበሬ ሆኖ ሳለ፣ ከሁሉም የበለጠ የሚከፍለውም እርሱ ሆነ።

ይህን ችግር ያጤነ አንድ ሙከራ በ1980 በኬንታኪ ግዛት ተካሂዷል። ለ200 ያህል ገበሬዎች ከቴሌቪዥናቸውና ከስልካቸው ጋር የሚያያዝ ትንሽ ሣጥን ተሰጣቸው። ሣጥኑ በአካባቢው ወዳለ ኮምፒውተር ደውሎ የአየር ትንበያና የገበያ ዋጋ የያዙ ጥቂት ገጾችን ይቀበልና ስልኩን ይዘጋል። ገበሬው ከዚያ በኋላ ስልኩ ሳይያዝበት፣ ደቂቃ ሳይቆጠርበት፣ በእርጋታ ያነባል።

የኮምፒዩሰርቭ ደንበኞችም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ብልሃት አገኙ። መልእክታቸውን መስመር ሳይከፍቱ ጽፈው ይጨርሳሉ። ከዚያ ይደውሉና የጻፉትን ልከው፣ የመጣላቸውን ተቀብለው፣ ወዲያው ይዘጋሉ። ይህን ሥራ በራሱ የሚያከናውን ፕሮግራም እየሠሩ ለሌሎች ያካፈሉም ነበሩ። አገልግሎት ሰጪው ጊዜ ሲሸጥ፣ ደንበኛው ጊዜ መቆጠብን ተማረ።

የደብዳቤ ክፍያና የደንበኞች ቁጣ

ይህን የሰዓት ቆጠራ ትቶ በወር ቁርጥ ክፍያ የመጣው ፕሮዲጂ ነበር። ባለቤቶቹ አይ ቢ ኤም እና ሲርስ የተባለው የችርቻሮ ንግድ ኩባንያ ናቸው። ስሌታቸው ግልጽ ነበር። ደንበኛው በወር ጥቂት ዶላር ይከፍላል፤ በማያ ገጹ ላይ የሚታዩትን ማስታወቂያዎች እያየ ዕቃ ይገዛል፤ ትርፉ ከማስታወቂያና ከሽያጭ ይገኛል።

ደንበኞቹ ግን ከግዢው ይልቅ ጨዋታውን ወደዱ። እርስ በርስ ደብዳቤ መላላክ፣ በጋራ የውይይት ሰሌዳ ላይ መከራከር አዘወተሩ። መልእክት የሚያመላልሰው ማሽንና መስመር ወጪ ያስወጣል፤ መልእክቱ ግን ዕቃ አይሸጥም። በ1990 መጨረሻ ፕሮዲጂ አዲስ ደንብ አወጣ። አንድ ቤተሰብ በወር 30 መልእክት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይልካል፤ ከዚያ በላይ ለሚላክ ለእያንዳንዱ መልእክት 25 ሳንቲም ይከፍላል።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። ደንበኞች ያንኑ የፕሮዲጂን መረብ እየተጠቀሙ ተቃውሞ አደራጁ፤ ማስታወቂያ ለሚያወጡ ድርጅቶች ጭምር መጻፍ ጀመሩ። ድርጅቱ የተቃውሞውን መሪዎች ከአገልግሎቱ አስወጣቸው። ነገሩ ከዋጋ ጥያቄ ወደ መብት ጥያቄ ተሸጋገረና በጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። ሰዎቹን ያስቆጣው 25 ሳንቲሙ ብቻ አልነበረም። ቁርጥ ነው ተብሎ የተገባው ውል በመሐል መለወጡ ነበር።

አሥራ አምስቷ ሴኮንድ

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሁሉም ገዝፎ የወጣው አሜሪካ ኦንላይን ነው። ድርጅቱ የመግቢያ ፕሮግራሙን በዲስክ አባዝቶ በየቤቱ በፖስታ ይልክ ነበር። በ1995 የነበረው ታሪፍ በወር 9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። በዚህ ክፍያ አምስት ሰዓት ይገኛል። ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ሰዓት 2 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይጨመራል።

ታሪፉ በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል። አከራካሪው ሰዓቱ የሚቆጠርበት መንገድ ነበር። ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ግንኙነት 15 ሴኮንድ ይጨምራል፤ ከዚያም ድምሩን ወደ ሙሉ ደቂቃ ከፍ ያደርጋል። አንድ ሰው ለ2 ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ገብቶ ቢወጣ፣ 15 ሴኮንዱ ሲጨመር 3 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ይሆናል። ከፍ ሲደረግ ደግሞ 4 ደቂቃ ተብሎ ይመዘገባል። ሰውየው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ለአራት ይከፍላል።

ለአንድ ደንበኛ ልዩነቱ የሳንቲሞች ጉዳይ ነው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ደንበኞች፣ በየቀኑ በሚደረጉ ግንኙነቶች ሲባዛ ግን ትልቅ ገንዘብ ይሆናል። ጠብታ ሲጠራቀም ጎርፍ እንደሚሆነው ነው። ከዚህ የባሰ የሚጎዳው ደግሞ ለመቆጠብ ብሎ አጭር አጭር ጊዜ የሚገባው ደንበኛ ነበር፤ ጭማሪው የሚሰላው በገባ ቁጥር ነውና። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በስምምነትም ተቋጨ።

ሌላው ቅሬታ «ነጻ ሙከራ» ይባል በነበረው ግብዣ ላይ ነበር። ደንበኛው ጥቂት ሰዓታት በነጻ እንዲሞክር ይጋበዛል፤ ሲመዘገብ ግን የክሬዲት ካርዱን ቁጥር ይሰጣል። የሙከራው ጊዜ ካለፈ በኋላ በራሱ ጥያቄ ካላቋረጠ በቀር ክፍያው በየወሩ ከካርዱ ይቆረጣል። ይህ በሚገባ አልተነገረንም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1997 በአሜሪካ ኦንላይን፣ በኮምፒዩሰርቭ እና በፕሮዲጂ ላይ ባቀረበው ክስ ይህን አሠራር አንሥቷል። ስለ 15 ሴኮንዷ ለደንበኛ በግልጽ አለመነገሩም በአሜሪካ ኦንላይን ላይ ከቀረቡት ነጥቦች አንዱ ነበር። ድርጅቶቹ የክፍያውን ሁኔታ በግልጽ ለማሳወቅ ተስማሙ።

ቁርጥ ዋጋ መጣ፤ መስመሩ ተያዘ

በ1996 ገበያው ተለወጠ። ኤቲ ኤንድ ቲን የመሳሰሉ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች በወር 20 ዶላር ገደማ ተከፍሎ ያለ ገደብ የሚገባበት ኢንተርኔት ማቅረብ ጀመሩ። ሰዓት እያዩ መክፈል የሰለቸው ደንበኛ ወደዚያ ማማተሩ አልቀረም። አሜሪካ ኦንላይንም ከታኅሣሥ 1 ቀን 1996 ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 22 ቀን 1989 ዓ.ም ማለት ነው፣ በወር 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ያልተገደበ አገልግሎት ማቅረብ ጀመረ።

ለውጡ ለሁሉም እኩል አልነበረም። በወር 40 ሰዓት የሚጠቀም ደንበኛ በቀድሞው ታሪፍ ከ113 ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። በአዲሱ ግን ከ20 ዶላር አያልፍም። በወር አምስት ሰዓት ብቻ የሚጠቀመው ግን ከ9 ዶላር ከ95 ሳንቲም ወደ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ በእጥፍ ማለት ነው፣ ከፍ አለበት። ሁለቱ ታሪፎች የሚገናኙት በወር ስምንት ሰዓት ተኩል በሚጠጋ አጠቃቀም ላይ ነው። ከዚያ በታች ለሆነው አዲሱ ዋጋ ጭማሪ ነበር።

ጥቂት ለሚጠቀሙ ሰዎች የተዘጋጀ አነስተኛ ጥቅል ነበረ። ይሁን እንጂ ነባር ደንበኞች ሌላ ካልመረጡ በቀር ወደ ቁርጡ ዋጋ በቀጥታ እንዲዛወሩ ተደረገ። የበርካታ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ደንበኛው ሳይስማማ ዋጋው እጥፍ ሊሆንበት አይገባም በማለት ተቃወሙ። ድርጅቱም ማስተካከያ ለማድረግ ተስማማ።

ከዚህ የከበደው ችግር የመጣው ቀጥሎ ነው። የስልክ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ሞደም አያዘጋጅም። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደውልም በሚል ግምት አንዱን ሞደም ለብዙ ሰው ያካፍላል። ግምቱ የሚሠራው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲዘጋ ነው። ሰዓት ሲቆጠር ሰው ይዘጋ ነበር። ቁርጥ ዋጋ ሲመጣ ግን የመዝጋት ምክንያት ጠፋ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጠቃቀሙ ከእጥፍ በላይ አደገ። ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋው ደንበኛ ሲደውል የሚሰማው «መስመሩ ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ሆነ። አንዴ የገባ ሰው ደግሞ ከወጣ ዳግመኛ እንደማይገባ ስለሚሠጋ፣ ሳይጠቀምበትም መስመሩን ይዞ ይቀመጣል። ይህ መጨናነቁን አባባሰው።

የመስኖ ውኃ የሚጋሩ ገበሬዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። በአካባቢያችን የውኃ አባት ተራ የሚያስጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራ ቀርቶ ሁሉም እንደ ልቡ ይክፈት ቢባል፣ ከቦዩ ራስ ያለው ማሳውን አጥግቦ ሳይዘጋ ያድራል፤ ከታች ያለው ደረቅ ቦይ ይጠብቃል። ቦዩ ሳይሰፋ ተራው ብቻ ከተነሣ ውኃው አይበዛም።

ደንበኞች ላልተጠቀምንበት አገልግሎት ከፈልን በማለት በብዙ ግዛቶች ከሰሱ። በጥር 1997 መጨረሻ ድርጅቱ ከ36 ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ። በታኅሣሥና በጥር ጥቂት ጊዜ ብቻ መግባት ለቻሉ ደንበኞች እንደ አጠቃቀማቸው መጠን ገንዘብ ለመመለስ ወይም አንድ ወር በነጻ ለመስጠት ተስማማ። አዲስ ደንበኛ የሚጠራውን ማስታወቂያ ለጊዜው ለመቀነስና አገልግሎቱን ማቋረጥ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ የሚያቋርጥበትን መንገድ ለማዘጋጀትም ቃል ገባ። መረቡን ለማስፋፋት 350 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስቀድሞ አስታውቆ ነበር።

ዋጋው ለምን ጨመረ?

ቁርጥ ዋጋ ገቢን ይቆርጣል፤ ወጪን ግን አይቆርጥም። ደንበኛው ብዙ በቆየ ቁጥር ሞደም፣ መስመርና ማሽን መጨመር ግድ ይላል። ከእርሱ የሚገኘው ገንዘብ ግን ያው ነው። ቀድሞ ብዙ የሚጠቀመው ደንበኛ የትርፍ ምንጭ ነበር። አሁን ሸክም ሆነ። ትርፍ የሚገኘው ከፍሎ ብዙም ከማይገባው ደንበኛ ሆነ።

ሌላም የተደበቀ ወጪ ነበር። ዲስኮቹን ማባዛት፣ በፖስታ መላክና ማስታወቂያ ማስነገር እጅግ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። አሜሪካ ኦንላይን ይህን ወጪ ባወጣበት ጊዜ ወዲያው እንደ ወጪ አይመዘግበውም ነበር። እንደ ሀብት ቆጥሮ በሚቀጥሉት ወራት ላይ ያከፋፍለዋል። በዚህ መንገድ ድርጅቱ በመዝገቡ ላይ ትርፋማ ሆኖ ይታያል። በጥቅምት 1996 ይህን አሠራር ሲተው በአንድ ጊዜ 385 ሚሊዮን ዶላር ከመዝገቡ መሰረዝ ነበረበት። ደንበኛው የሚከፍለው ወርኃዊ ዋጋ አገልግሎቱን ለማቆየት ብቻ ሳይሆን ደንበኛውን ለመሳብ የወጣውን ገንዘብም ለመሸፈን ነበር።

በሚያዝያ 1998 ወርኃዊው ክፍያ ወደ 21 ዶላር ከ95 ሳንቲም ከፍ አለ። የተሰጠው ምክንያት የአጠቃቀሙ መጨመር ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ድርጅቱ የቀድሞ ተፎካካሪውን የኮምፒዩሰርቭን የኢንተርኔት ደንበኞች በእጁ አስገብቷል። በሐምሌ 2001 ክፍያው እንደገና ወደ 23 ዶላር ከ90 ሳንቲም ወጣ። አብዛኛው ደንበኛ እያጉረመረመም ቢሆን ከፈለ። የኢሜይል አድራሻው፣ ወዳጆቹና ልማዱ ሁሉ እዚያው ስለነበሩ መልቀቅ ቀላል አልነበረም። ከዋጋው ይልቅ ደንበኛውን ያሠረው የመልቀቁ ችግር ነበር።

የጂኒ ታሪክ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1996 አገልግሎቱን ለሌላ ባለቤት ሸጠው። አዲሱ ባለቤት ዋጋ ሲጨምር ብዙ ደንበኞች ለቀው ሄዱ። አገልግሎቱም በ1999 መጨረሻ ተዘጋ። የሚሄድበት ያለው ደንበኛ ዋጋ ሲጨመርበት ይሄዳል፤ የሌለው ይከፍላል።

ለዛሬው ተጠቃሚ

ኢትዮጵያ ውስጥ የኢንተርኔት አገልግሎት በቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የተጀመረው በጥር 1997፣ በ1989 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ አሜሪካውያን በመስመር መጨናነቅ በሚሟገቱበት በዚያው ወር ነበር። እኛም ዘንድ ጅማሬው በስልክ መስመርና በሞደም ነበር። ዛሬ መረቡ በእጅ ስልክ መጥቶ ገጠር ደርሷል። የሚሸጠው በአብዛኛው ደቂቃ ሳይሆን በሜጋባይትና በጊጋባይት የሚለካ ዳታ ነው። የክፍያው ዓይነት ግን ያው ሦስት ነው፤ በተጠቀሙት ልክ፣ በተወሰነ ጥቅል፣ ወይም ያለ ገደብ በቁርጥ።

ከቀደሙት ሰዎች ሙግት የምንወስዳቸው ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው መለኪያውን ማወቅ ነው። የሚቆጠረው ደቂቃ ነው ወይስ ዳታ? ጥቅሉ የሚያበቃው መጠኑ ሲያልቅ ነው ወይስ ቀኑ ሲያልፍ? ከጥቅሉ በላይ ሲኬድ ግንኙነቱ ይቋረጣል ወይስ ከዋናው ሒሳብ በከፍተኛ ዋጋ ይቆረጣል?

ሁለተኛው የራስን አጠቃቀም መመዘን ነው። ያልተገደበው ጥቅል ለብዙ ተጠቃሚ ያዋጣል፤ ለጥቂት ተጠቃሚ ግን የሌላውን ሸክም መሸከም ሊሆን ይችላል። የሁለት ወይም የሦስት ወር አጠቃቀምን አይቶ መምረጥ ይሻላል።

ሦስተኛው «ነጻ» ወይም «በራሱ የሚታደስ» የሚል ቃል ሲታይ፣ ከመቀበል በፊት እንዴት እንደሚቋረጥ መጠየቅ ነው። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ የሆነ ውል ውሎ አድሮ ያስከፍላል።

አራተኛው ቅሬታን በማስረጃ ማቅረብ ነው። የአሜሪካ ደንበኞች ገንዘባቸው የተመለሰላቸው ስለተቆጡ ብቻ አልነበረም። መቼ እንደገቡና ስንት እንደተቆረጠባቸው የሚያሳይ ሒሳብ ስለነበረ፣ አቤቱታቸውንም የሚቀበል አካል ስለነበረ ነው። የክፍያ አጭር መልእክቶችን አለመሰረዝ፣ ቀንና መጠን መዝግቦ መያዝ ለማንም የማይከብድ ጥንቃቄ ነው።

አሜሪካ ኦንላይን በስልክ መስመር ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት በመስከረም 30 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም ዘግቷል። ሞደሙና የስልክ ጩኸቱ ታሪክ ሆነዋል። ለምን እንደሚከፍል ጠንቅቆ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን በየዘመኑ ያስፈልጋል።